ሪሞቱ ከአባቴ ጭን ስር

የዲቪዲ ማጫወቻ ሲዲውን ሲውጥ የሚያሰማው ሲርር የሚል ድምፅ ዛሬም ጆሮዬ ላይ ሲመጣብኝ፣ ከናፍቆቱ ይልቅ ንዴቱ ይቀድመኛል፤ ሐይቅ ከተማ በነበረው ቤታችን የምወደውን ፊልም አንድ ቀን እንኳ እስከ መጨረሻው አይቼው አላውቅም ነበር።

ጥፋተኛው አባቴ ነው። አባቴ አበጋር ነበር፤ የተጣላ የሚያስታርቅ፣ ሰው ተገድሎ ሁለት ቤተሰብ ሲፈላለግ መሃል ገብቶ ደም የሚያደርቅ፣ እስከ አምባሰል ድረስ የሚጠራ ሽማግሌ። ይህን ሥራውን ግን ውጭ ትቶት አይገባም ነበር።

ክረምት ትምህርት ቤት ተዘግቶ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ ከሲዲ አከራዩ ሱቅ ያንኑ ፊልም እየደጋገምኩ አመጣ ነበር። ፊልሙ ላይ አደንዛዥ ዕፅ የሚያዘዋውር ባለጠጋ አለ፤ ባለጠጋው ጓደኛውን የገደለበት መርማሪ ደግሞ አለቆቹ ቢያባርሩትም፣ ሚስቱ ጥላው ብትሄድም፣ እግር በእግር ይከታተለዋል። ሲዲው ከመግሪብ ሶላት በፊት መመለስ ስላለበት እኔ ሰዓቱን ሳይ እንቆራጠጣለሁ፣ አባቴ ግን ሪሞቱን ጭኑ ስር ወሽቆ፣ ልክ ሁለቱ ሲገናኙ ያቆመዋል። «ቆይ እስቲ! ይኼ ሰውዬ ዘመድ የለውም? ደሙ ሳይደርቅ በመሣሪያ መፈላለግ ምን ይሉታል?» ይልና፣ ከማን ወገን ማን ቢላክ እንደሚሻል ለእናቴ ማስረዳት ይጀምራል። እናቴ «እሺ» ትላለች፣ እኔ እንገበገባለሁ፣ አዛን ይላል፣ ሲዲው ይመለሳል።

ጥቅምት ገብቶ ማሽላው ሲያሽት ነገሩ ባሰ። ያን ጊዜ አባቴ ከታናሽ ወንድሙ ከአጎቴ ሰይድ ጋር በማሳ ድንበር ከተኳረፈ ሦስት ዓመት ሆኖት ነበር፤ የሚለየን አጥር ብቻ ነው፣ አጎቴ ሲያስል እንኳ ይሰማናል፣ እኔ ግን ልጁን ዘይነብን ሰላም ማለት አልችልም ነበር። አንድ ቅዳሜ መርማሪው ሽጉጡን የሰውዬው ደረት ላይ ደገነ። አባቴ አቆመው።

«ወላሂ፣ እዛ አገር አንድ ሽማግሌ ይጠፋ?»

አላስቻለኝም። «ያንተና ያጎቴስ ሽማግሌ የት ሄዶ ነው?» አልኩት።

እናቴ አፏን ያዘች። አባቴ አልተቆጣም፤ ሪሞቱን ከጭኑ ስር አውጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠና ወጣ። በአጥሩ ቀዳዳ ሳይ አባቴ ከአጎቴ በር ፊት ቆሟል፤ ሊያንኳኳ እጁን አነሳ፣ መልሶ አወረደው፣ ከዚያ ወደ መስጊድ ሄደ። ሪሞቱ እጄ ላይ ነበር፤ ፊልሙን ግን አላስቀጠልኩትም።

አጎቴ አምና ሞተ። ያን ሁሉ ሰው ያስታረቀው አባቴ ከወንድሙ ሳይታረቅ ጀናዛውን ተሸከመ። እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

አሁን ፊልሙ ስልኬ ላይ አለ፤ ሪሞት የሚደብቅብኝ የለም፤ ባለፈው ሳምንት ከውጫሌ ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ ጨረስኩት። መርማሪው ተኮሰ፣ አለቀ። ለዚህ ነው ያን ያህል የተንገበገብኩት? ቤት ገብቼ ፊልሙን እንዳየሁት ስነግረው አባቴ ወዲያው አስታወሰው።

«መጨረሻው እንዴት ሆነ?»

«ታረቁ፣ አባ» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። «ማን አስታረቃቸው?»

ያኔ እንዲህ ሲጠይቅ ዝም እንዲልልኝ ነበር የምፈልገው፤ አሁን ግን የምሰጠው ስም ባገኝ ደስ ባለኝ።