ፖላንዳዊው እኔ ነኝ

ኮቪድ ካዚኖዎቹን ያዘጋ ጊዜ ከሥራ ተቀነስኩና ፓራዳይዝ በምትባለው የካዚኖ ከተማ በምኖርበት አፓርትመንት በር እያንኳኳሁ የጨርቅ ማስክ መሸጥ ጀመርኩ። ጎረቤቴ ሮሳ የኮስታሪካ ሰው ናት። ገና ስታየኝ "ፖላኮ መጣ!" ብላ ግቢውን በጩኸት ትሞላዋለች። ፖላኮ በስፓኒሽ የፖላንድ ሰው ማለት ነው። ድሮ አገሯ ቤት ለቤት እየዞሩ የሚሸጡት ከፖላንድ የመጡ ሰዎች ስለነበሩ፣ ዛሬም ዕቃ ይዞ በር ያንኳኳ ሁሉ ፖላኮ ነው አለችኝ። የወሎ ልጅ ብሆንም አልተከራከርኳትም፤ ገበያ ነው።

አንድ ቀን እንደልማዷ ስትጮህ ፎቅ ላይ አንድ በር ብርግድ አለ። አንድ ሽማግሌ በነጠላ ጫማ እየሮጡ ወጥተው በማላውቀው ቋንቋ ያንበለብሉት ጀመር። እኔን ሲያዩ ቆሙ። ከኋላዬም ሰው ፈለጉ።

"ፖላንዳዊው የታለ?" አሉኝ በእንግሊዝኛ።

"እኔ ነኝ መሰለኝ። ማስክ ይፈልጋሉ?"

"ሚስቴ ከሞተች ወዲህ በቋንቋዬ ያወራሁት ሰው የለም" አሉ።

ይቅርታ ጠይቄ ልሄድ ስል ወንበር አውጥተው ከበሩ ራቅ አድርገው አስቀመጡልኝ።

"ግድ የለም፣ አንተም ትሆናለህ። ቁጭ በል" አሉና በፖላንድኛ ካቆሙበት ቀጠሉ።

እኔም በአማርኛ መለስኩላቸው።