የአቶ አካለ ወልድ ፍምና ከሞጣ የመጣው ቡታጋዝ

በ1974 ዓ.ም. የሒሳብ አስተማሪ ሆኜ ቢቸና ስመደብ፣ ጥብስ የሚበላበት ቤት የት እንዳለ ማንንም አልጠየቅሁም። ከከብት ገበያው ሽቅብ በሚወጣው መንገድ ሳልፍ ከአንድ አጥር ውስጥ የስብ ሽታ መጣብኝ፤ እሱን ተከትዬ ገባሁ። የአቶ አካለ ወልድ ጓሮ ነበር። በቁመቱ ለሁለት ተሰንጥቆ በአራት ብረት እግር ላይ የቆመ በርሜል፣ ውስጡ የግራር ከሰል፣ ከላዩ የብረት ርብራብ። ቀጠን ያሉ፣ ጋቢያቸውን ወደ ኋላ ጣል ያደረጉ ሽማግሌ ዝልዝሉን በመቆንጠጫ ያገላብጣሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ይርጋነሽ ከጎናቸው ሆነው ሥጋውን እየዘለዘሉ ያቀብሏቸዋል።

ሦስት ቀን ከበላሁ በኋላ ነው ዓይናቸው እንደማያይ ያወቅሁት። በርጩማዬን ሳላስተውል መተላለፊያቸው ላይ አስቀምጬው ኖሮ ተደናቀፉበት። ደንግጬ ይቅርታ ስጠይቅ፣ ዓይናቸው ከጠፋ ዘጠኝ ዓመት እንደሆነው፣ እንግዳ ሁሉ ይህንኑ እንደሚያደርግ በፈገግታ ነገሩኝ። እንግዲያው ሥጋው መብሰሉን በምን ያውቃሉ? ጥሬው ርብራቡ ላይ እንዳረፈ ውኃው ይጮኻል አሉ። ውኃው እያለቀ ሲሄድ ድምፁ ይቀጥናል። ከዚያ ስቡ ፍሙ ላይ ጠብ ማለት ሲጀምር ይገለበጣል። የፍሙን ጉልበት ደግሞ በጉንጫቸው ይለኩታል።

በወጣትነታቸው ደብረ ወርቅ ቅኔ ቤት ገብተው ነበር። አባታቸው ሲሞቱ ትምህርቱን ትተው ቢቸና ተመለሱና የአባታቸውን የሥጋ ቤት ያዙ። ዓይናቸውን የጎዳው የዓይን ማዝ ነው፤ ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ እየተቆለመመ ብሌኑን ፍቆ ፍቆ ጨረሰው። ማየት እየተሳናቸው ሲመጣ ሁለት ጊዜ ጣታቸውን ስለቆረጡ፣ ወይዘሮ ይርጋነሽ ቢላዋውን ከእጃቸው ተቀብለው እሳቱን ለእሳቸው ተዉላቸው። ጓሮው ጥብስ ቤት የሆነው ያን ጊዜ ነው። ጥሬ ሥጋ ከመሸጥ ይልቅ ጠብሶ ማብላት ጀመሩ። እሑድ እሑድ የቀበሌው ስብሰባ ሲበተን ሰው በቀጥታ ወደዚያ ይጎርፍ ነበር። ሊቀ መንበሩም ካህኑም አስተማሪውም ከአንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ሲበሉ አይቻለሁ።

አንድ ልጅ ነበረቻቸው፤ ስሜነሽ ትባላለች፣ ሞጣ ነርስ ናት። በ1975 ዓ.ም. ሁዳዴ ሊፈታ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ከሞጣ በመጣ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ባለ ሁለት ዓይን ቡታጋዝ ከነሲሊንደሩ ጭና መጣች። ከክፍለ ሀገር ወደ ክፍለ ሀገር የተዛወረ የሥራ ባልደረባዋ የተወላት ነው። ጓሮው ሥጋ ስለማይሠራበት ባዶ ነበር፤ እኔ ሽሮ ልበላ ገብቼ ቡታጋዙን ከሲሊንደሩ ጋር ስታገጥም አገኘኋት።

ወይዘሮ ይርጋነሽ አልወደዱትም። ጥብስ ያለ ፍም ጥብስ አይባልም አሉ። ስሜነሽ እናቷን ወደ ብርሃን አዙራ የዓይናቸውን ቆብ ገለጠችና ለአባቷ ነገረቻቸው፦

«አባባ፣ የእማማም ሽፋሽፍት ተቆልምሟል። በየማለዳው በወረንጦ ትነቅለዋለች። ከእርስዎ ደብቃ ነው። ጭሱ ላይ እንዲህ ቆማ ከዋለች የእርስዎ ዕጣ ይደርሳታል።»

አቶ አካለ ወልድ እጃቸውን ዘርግተው ሲሊንደሩን ዳሰሱት፤ ከላይ እስከ ታች፣ እንደሚገዙት በሬ። ለፋሲካ በእሱ እንዲሠራ ወሰኑ። በርሜሉን ራሳቸው ገልብጠው አጥሩ ሥር አስቀመጡት።

ፋሲካ ደረሰ። የመጀመሪያውን ቀን ርብራቡን ከጋዙ ላይ አድርገው ሞከሩ፤ ስቡ እየተንጠባጠበ የእሳቱን ዓይን ደፈነውና ጠፋ፣ ጋዙም ሸተተ። ከዚያ በኋላ ርብራቡ ቀርቶ በብረት መጥበሻ ሆነ። እውነቱን ለመናገር ጥብሱ መጥፎ አልነበረም። ቶሎ ይደርሳል፣ አመድ የለው፣ ልብስ ላይ አይሸትም። የመሥሪያ ቤት ሰዎች ወደዱት። ከገጠር የሚመጡት ገበያተኞች ግን አንዴ ቀምሰው «ይህማ ቤታችንም አለ» እያሉ ይሄዱ ጀመር።

እኔን የከበደኝ ሌላ ነገር ነው። ጋዙን ወይዘሮ ይርጋነሽ ስለያዙት አቶ አካለ ወልድ አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ነው። የገባውን ሁሉ በድምፁ እያወቁ ሰላም ይላሉ፣ ስለ ልጁ ስለ ከብቱ ይጠይቃሉ። አንድ ቀን ባለቤታቸው ውኃ ሊያመጡ ሲወጡ ተነሥተው ወደ ጋዙ ሄዱ። እኔ የተማሪ ፈተና እያረምኩ ስለነበር ቀና ያልኩት ጨርቅ ሲቃጠል ሸትቶኝ ነው። የጋቢያቸው ጫፍ ተያይዟል። ሮጬ በእጄ አፈንኩት። ክንዳቸው ትንሽ ተለበለበ እንጂ ሌላ አልጎዳቸውም።

«አይናገርም» አሉኝ ቁጭ ካሉ በኋላ። «ሲጀምርም ሽሽሽ ነው፣ ሲጨርስም ሽሽሽ ነው። ሲበዛም ሲያንስም ያው። ከእሱ ጋር መግባባት አልቻልኩም።»

ወይዘሮ ይርጋነሽ እንስራቸውን እንደተሸከሙ በር ላይ ቆመው ሰሙ። እንስራውን አወረዱና የተቃጠለውን ጋቢ አገላብጠው አዩት። ነገ በርሜሉ ይመለሳል አሉ። አቶ አካለ ወልድ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ለእኔ እጅ ሥራ ብዬ ያንቺን ዓይን አላጨስም።»

«አንተን አግዳሚ ላይ አስቀምጬ የማየውስ በየትኛው ዓይኔ ነው?»

እኔ ፈተናዬን ሰብስቤ ወጣሁ፤ በማግሥቱም በርሜሉ ከአጥሩ ሥር አልተነሣም።

በግንቦት ስሜነሽ መልእክት ላከች። የዓይን ሐኪም ሞጣ መጥቶ የዓይን ቆብ እየቀደደ የተቆለመመ ሽፋሽፍት ሊያቃና ነው፣ እማማን ላኩልኝ የሚል ነው። ወይዘሮ ይርጋነሽ ቤቱን ለማን ትቼ ብለው እምቢ አሉ። አቶ አካለ ወልድ ግን ስንቃቸውን አስቋጥረው፣ ክንዳቸውን ይዘው እስከ አውቶቡሱ ድረስ አደረሷቸው፤ ማን ማንን እንደመራ አላውቅም። ሥጋ የሚዘለዝሉትም በጋዙ የሚጠብሱትም የወይዘሮ ይርጋነሽ እህት ውበቴ ሆኑ። በአምስተኛው ቀን ጋዙ አለቀ። ሲሊንደሩን ለማስሞላት ባሕር ዳር ድረስ መላክ ያስፈልጋል።

በማግሥቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ አቶ አካለ ወልድ በርሜሉን እየገፉ አገኘኋቸው። እገዛ ጠየቁኝ፤ የፈለጉት ግን ወደ ድሮ ቦታው እንድመልሰው አልነበረም። ነፋሱ በየትኛው ሰዓት ከየት እንደሚነፍስ ሳምንቱን ሙሉ አግዳሚው ላይ ሆነው ሲያጠኑ ከርመዋል። ከማድ ቤቱ እጅግ ርቆ፣ ጭሱ ወደ ወንዙ በሚሄድበት በአጥሩ ጥግ አቆምነው። ከማድ ቤቱ በር እስከ በርሜሉ ገመድ ወጠርን። ከበርሜሉ ጎን ጠረጴዛ አኖርን፤ በቀኝ ሥጋው፣ በግራ ባዶ ትሪው፣ መሐል ጨውና መቆንጠጫው። ከእንግዲህ ከጎናቸው ቆሞ የሚያቀብላቸው ሰው አይፈልጉም። በመጀመሪያው ቀን ሁለት ጊዜ ጨውን ደፉ፤ አንድ ጎድንም አሳረሩ። በሦስተኛው ቀን ገመዱን ሳይነኩ ሲሄዱ አየሁ።

ወይዘሮ ይርጋነሽ ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለሱ። የዓይናቸው እብጠት ገና አልጎደለም፣ ግን ወረንጦው ቀርቷል። ስሜነሽም አብራቸው መጥታለች። በጓሮው ደጃፍ ላይ ቆመው ገመዱን፣ ጠረጴዛውን፣ ከሩቅ የሚጨሰውን በርሜል ተመለከቱ። ወይዘሮ ይርጋነሽ ወደዚያ ሊሄዱ ሁለት እርምጃ ሲራመዱ ከጥጉ ድምፅ መጣ፦

«እዚያው ሁኚ። ነፋሱ ገና ወደ ወንዙ አልዞረም።»

እዚያው ሆኑ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥጋውን ማድ ቤት ሆነው ይዘለዝላሉ፣ አቶ አካለ ወልድ ገመዳቸውን ይዘው መጥተው ይወስዳሉ። ቡታጋዙም የወይዘሮ ይርጋነሽ ሆኖ ማድ ቤት ቀረ፤ ወጡ በእሱ ይሠራል። ሲሊንደሩ ባሕር ዳር ሄዶ እስኪመለስ አንዳንዴ ወር ይፈጃል። በዚያ ወር ወጥ የለም፤ ወጥ የፈለገ እንግዳ ሲመጣ ውጭ ወጥተው «ዛሬ ፍሙ ብቻ ነው» ይሉታል። ስሜነሽ በርሜሉን በተመለከተ ለአባቷ አንድም ቃል እንዳልተናገረች ሰምቻለሁ። ተስማምታለች ማለት ግን አልነበረም።

በ1978 ዓ.ም. ወደ ባሕር ዳር ተዛወርኩ። በሄድኩበት ማለዳ አቶ አካለ ወልድ በቅጠል ጠቅልለው በፌስታል ያሰሩት ጥብስ ሰጡኝ፤ ግማሹ የእኔ፣ ግማሹ ሞጣ ላይ ለስሜነሽ። አውቶቡሱ ሞጣ ለምሳ ሲቆም ነጭ ጋውኗን እንደለበሰች መጣች። ቅጠሉን ገልጣ አሸተተችው። አንድ ጉርሻ በላች። ከዚያ የቀረውን እንደገና በጥንቃቄ ጠቀለለችና፣ ጓደኞቿ አይተው እንዳይካፈሏት ደብቃ ለራት እንደምታስቀምጠው ነገረችኝ።