ገዢ የሚያባርር ዋጋ

አናጢው የሰው ቤት ሲተምን አያመነታም። በሩን በጣቱ ኳ ኳ ያደርጋል፣ ጣሪያውን ቀና ብሎ ያያል፣ ከዚያ ዋጋውን ቁርጥ አድርጎ ይናገራል። ደላሎቹም ከሱ ቃል ፈቀቅ አይሉም።

የአባታቸውን ቤት ለመሸጥ ሲነሱ ታላቅ እህቱ፣ "ዋጋውን አንተ ቁረጥ፣ እኔ ምን አውቃለሁ" አለችው። ጉልበቷን ያማታል፤ ፎቅ የሌለው ትንሽ ቤት ገዝታ ከደረጃ መገላገል ነው የምትፈልገው። የአባታቸው ቤት የእንጨት ደረጃ ግን እሱና አባቱ አብረው የሠሩት ነውና ለመሸጥ ሆዱ አልቆረጠም። ፊት ለፊት እምቢ ማለት ያቃተው ሰው መላ አያጣም፤ ገዢ የሚያባርር ዋጋ ጠራ።

ገዢ ይመጣል፣ ዋጋውን ይሰማል፣ ይሄዳል። እህቱ ግን ሰው በመጣ ቁጥር ደረጃውን ተንበርክካ ትወለውላለች። "ወንድሜ ነው የተመነው፣ እሱ አይሳሳትም" ትላለች። ይህን ሲሰማ አናጢው የሚገባበት ይጠፋዋል።

ትናንት አንድ ገዢ ጥሏቸው ሲወጣ እህቱ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች።

"ወንድም ዓለም፣ እውነቱን ንገረኝ። ቤቱ ነውር አለበት አይደል? እንዳይከፋኝ ብለህ ነው የደበቅከኝ።"

አናጢው የደረጃውን መደገፊያ ጨበጠ። አሁንም ንቅንቅ አይልም።

"ቤቱስ ምንም ነውር የለበትም" አላት።

"እንግዲያው የኔ ዕድል ነው" አለችና፣ ጉልበቷን ይዛ ተነስታ እርጥቡን ጨርቅ አነሳች።