«ጎማ በሊታዋ» ውብነሽ

ንፋስ መውጫ ላይ ቂም የመያዝ ውድድር ቢኖር ኖሮ ውብነሽ ዋንጫውን ትወስድና፣ ዋንጫውን የሰጣትን ሰው ደግሞ «ለምን አዘገየኸው?» ብላ ትቀየመው ነበር።

የምትሸጠው ፋሸታ ነው፤ የራዲያተርን ጎማ ከብረት ቱቦው ጋር አንቃ የምትይዝ፣ በካቻቢቴ የምትጠብቅ የብረት ቀለበት። ሱቋ መናኸሪያው አጠገብ ናት፤ ከመጥበቧ የተነሳ ውብነሽ ስታስነጥስ ደንበኛው ውጭ ይገኛል። አባቷ ቀንበርና ሞፈር ጠራቢ ስለነበሩ፣ ምን ያህል ቢታሰር ለበሬ እንደሚመቸው፣ ምን ያህል ቢጠብቅ እንደሚያቆስለው ከልጅነቷ ታውቃለች። ለእሷ ጎማም የበሬ አንገት ነው። በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ ከዳሰሰችው ስፋቱን ብቻ ሳይሆን የሾፌሩንም ጠባይ ትናገራለች ይባል ነበር። ይባል የነበረው መልካሙ እስኪመጣ ድረስ ነው።

መልካሙ በአርብ ገበያ መስመር የሚሠራ የአባዱላ ሾፌር ነው። ከሁለት ዓመት ከአራት ወር በፊት ፋሸታ ሊገዛ መጣ።

«ጎማህ ለስላሳ ነው። ይህቺ ባለ ቀዳዳዋ ትነክሰዋለች፤ ውስጧ ልሙጥ የሆነችውን ውሰድ። ስታጠብቅም እልህ አትጋባ» አለችው።

እሱ ባለ ቀዳዳዋን ወሰደ። ካቻቢቴ አልበቃው ብሎ በቁልፍ፣ ቁልፉም አልበቃው ብሎ በመላ ሰውነቱ አጠበቃት። ፋሸታዋ ጎማውን ቆርጣ ገባች፤ መኪናው አሥራ ስድስት ሰው እንደጫነ ዳገት ላይ ፈልቶ ቆመ። መልካሙም ለተሳፋሪው «የውብነሽ ፋሸታ በላችው!» አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟ «ጎማ በሊታዋ» ሆነ። ስሙ ከእሷ ቀድሞ ወገዳ ደረሰ፤ እስቴን ዞሮ፣ ወፍሮ ተመለሰ። ሾፌሮች ለአንዲት ቀለበት ብለው ደብረ ታቦር ድረስ ይሄዱ ጀመር። አንድ እሑድ በቤተ ክርስቲያን ደጅ አንዲት እናት ልጇን «የጎማ ጫማህን፣ ኮንጎህን ደብቅ፣ ጎማ በሊታዋ መጣች» ስትለው ውብነሽ በጆሮዋ ሰማች። ያን ዕለት ለነፍሷ መጸለዩን ትታ ስለ መልካሙ ጸለየች። ጤናውን አልነካችም፤ በገዛ አፉ፣ በሰው ፊት፣ «እኔ ነኝ የበላሁት» እንዲል ብቻ ለመነች።

በዚህ ጥቅምት፣ አንድ አርብ ጠዋት፣ የመልካሙ አባዱላ ከከተማው ሳይርቅ እንፋሎት ተፋ። ፋሸታዋ ዝጋ ተበጥሳ የራዲያተሩ ጎማ ወልቋል። ከተሳፋሪዎቹ አንዱ፣ ደምሌ የሚባል ገበሬ፣ ቀንበርን ከሞፈር የሚያስሩበትን ጠፍር፣ ምራኑን፣ ከከረጢቱ አወጣ።

«ሁለት በሬ የያዘ ምራን አንድ ጎማ ያቅተዋል?» አለ።

መልካሙ ጥርቅም አድርጎ አሰረው። ምራኑ ደረቅ ሳለ ያዘ፤ የፈላ ውሃ ሲነካው ግን እንደ ተቀቀለ ጎመን ልፍስፍስ አለ፤ ውሃው ሁሉ መንገድ ላይ ፈሰሰ። ገበያው እንዳያመልጣቸው የፈሩት አሥራ ስድስት ተሳፋሪዎች መኪናውን እየገፉ መለሱት። በዚያ ሰዓት የተከፈተች የመለዋወጫ ሱቅ አንዲት ብቻ ነበረች።

ውብነሽ ነጠላዋን እንደ ሠርግ ቀን አጣፍታ ወጣች።

«እንደምን አደርሽ፣ እትዬ ውብነሽ» አለ መልካሙ መሬት መሬት እያየ።

«እትዬ? ከመቼ ወዲህ ተዛመድን? ጎማ በሊታ ቁርሷን አልበላችም፤ ምን ይዘህላት መጣህ?»

ተሳፋሪው በሳቅ ፈነዳ።

«ፋሸታ ፈልጌ ነበር።»

«ሞልቷል!» አርባ ፋሸታ መሬት ላይ ዘረገፈች። «ራስህ ምረጥ። እኔ ከመረጥኩልህ ትበላብሃለች።»

መልካሙ ላብ በላብ ሆነ። መጀመሪያ ያነሳት ሰፊ ነበረች፤ እስከ መጨረሻዋ ቢያጠብቃትም ጎማው ላይ ትሽከረከራለች፤ ትርፍ ጭራዋም እጁን ጫረችው። ሁለተኛዋ አልገጥም አለች።

«እሷ የሕፃን አምባር ናት» አለችው ውብነሽ።

ሦስተኛዋ ልክ ነበረች፤ ግን ባለ ቀዳዳዋ ናት። ውብነሽ ካቻቢቴውን በሁለት እጇ፣ በአክብሮት አቀበለችው።

«ጠበቅ ላድርጋት?»

«እንደ ልማድህ።»

እንደ ልማዱ አጠበቀ። ጥርሱን ነክሶ፣ እግሩን መከላከያው ላይ ተክሎ፣ የአንገቱ ሥር እንደ ገመድ እስኪገተር አጠበቀ። ጎማው በፋሸታዋ ቀዳዳዎች በኩል እንደ ሊጥ ብቅ ብቅ አለ። ደምሌ አንገቱን አስግጎ አየ።

«ኧረ አንተ ሰው! በሬ ብትጠምድ እኮ አንገቱን ቆርጠህ ለቅርጫ ታደርሰዋለህ!»

«እህ» አለች ውብነሽ። «ያን ጊዜስ ማን በላው?»

መልካሙ እጁን በጨርቅ ይጠርግ ጀመር።

«ገበያው ሊበተን ነው! ንገራትና እንሂድ!» ብለው ተሳፋሪዎቹ ጮኹበት።

«እኔ ነኝ» አለ በለሆሳስ።

«ጎማው አልሰማህም።»

«እኔ ነኝ የበላሁት! አጥብቄ የቆረጥኩት እኔ ነኝ!»

ያኔ ውብነሽ ካቻቢቴውን ተቀበለችው። የቆሰለውን የጎማ ጫፍ በምላጭ ቆረጠች፤ ቀሪውን ከቱቦው አፍ ጉብታ አሳልፋ አስገባች፤ ልሙጧን ፋሸታ ከጉብታው ጀርባ አሳርፋ፣ ጎማው በአውራ ጣቷ ሥር መንሸራተቱን እስኪተው ብቻ አጠበቀች። ራዲያተሩን ሞልተው ሞተሩን አስነሱት፤ ጠብ ያለ ውሃ የለም።

ጋቢና የተቀመጡት ቄስ ወልደ ገብርኤል በመስኮት ብቅ አሉ።

«ልጄ፣ ሰውየው ተናዟል፤ በይ ይቅር በይው።»

«ይፍቱኝ አባ። ይቅር እለዋለሁ፤ ግን ጎማ ሞቆ ሲቀዘቅዝ ይላላል፤ ፋሸታዋን እንደገና ማየት ያስፈልጋል። ከገበያ ሲመለስ እዚሁ ያቁም። ያን ጊዜ የሚሳፈሩት ሌሎች ሰዎች ናቸው፤ እነሱ ደግሞ አልሰሙም።»

መልካሙ ማርሽ አስገባ። ተሳፋሪው ከመናኸሪያው ሳይወጣ «ጎማ አራጁ» የሚል ስም አውጥቶለት ነበር። ውብነሽ ሰማችው፤ ስሙ አጠረባት። ነጠላዋን ሰብስባ ከመኪናው ጎን እየሮጠች፣ በመስኮቱ በኩል ረዘም ያለውን ነገረቻቸው፦

«‹ጎማ አራጁ መልካሙ፣ አሥራ ስድስት ሰው መኪና ያስገፋ› በሉት!»