አሥራ ስምንት ከረጢት ድንጋይ ከአሊ ሳቢህ

ማክሰኞ፣ ንጋት 11 ሰዓት ተኩል፤ ጅቡቲ፣ ካርቲየ 2 ሰፈር

ጥር ላይ የጅቡቲ ንጋት ይበርዳል ብል የደጋ ሰው ይስቅብኛል። እኛ ግን ሻርፕ ደርበን፣ እጃችንን ብብታችን ውስጥ ከተን ነው ደጃፍ የቆምነው። ፒካፑ ላይ የተጫነው ይህ ነው፦ ስድስት ጀሪካን ውሃ፣ ሩዝ፣ ሽንኩርት፣ የታሸገ ቱና፣ ሦስት መዶሻ፣ ረጅም ገመድ፣ አንድ ቅርጫት፣ ብዙ ባዶ የጨርቅ ከረጢት፣ እና እኔ።

እኔን የጫነችኝ አክስቴ ዘሃራ ናት። አክስቴ እህልና ቅመም ትሸጣለች፤ ዕቃው ከድሬዳዋ ይመጣል። እኔ ከስድስተኛ ክፍል ከወጣሁ ጀምሮ መጋዘኗ ውስጥ እደረድራለሁ፣ ከረጢት ላይ ቁጥር እጽፋለሁ። ደንበኛ ፊት መቆም አልወድም። ባለፈው ሳምንት ዶክተር ሂሩት የሚባሉ ሴት ስንቅ ሊገዙ መጡ። ኢትዮጵያ ውስጥ ዩኒቨርሲቲ የድንጋይ ትምህርት ያስተምራሉ። ምግብ የሚያበስልና ሶማልኛ የሚችል ሰው ፈለጉ። አክስቴ በጆንያዎቹ መሃል ወደ እኔ ጠቆመች።

«ይቺ ሩዝ ታበስላለች፣ ሶማልኛ ታውቃለች፣ አፏን አትከፍትም።»

«ሦስተኛውን ድንጋዮቹም ይችሉበታል» አሉ ዶክተር እየሳቁ።

ዛሬ ንጋት ደግሞ አክስቴ መኪናውን ዞር ዞር ብላ አየችና «ድንጋይ ፍለጋ አሊ ሳቢህ ድረስ? የእኔ ደጃፍ ድንጋይ ምን ጎደለው?» አለች።

ሹፌራችን ጋሽ መኮንን ይባላሉ። ሃያ ዓመት በጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ነድተው፣ ወገባቸው እምቢ ሲላቸው ወደ ትንሽ መኪና የወረዱ ሰው ናቸው። ዶክተር ከፊት ተቀመጡ። ከኋላ እኔና ተማሪያቸው ዳዊት። ዳዊት በጣም ረጅም ስለሆነ ጉልበቱ ከአገጩ ጋር እየተነጋገረ ነው የሚጓዘው። እኔ ከጋሽ መኮንን ጀርባ ነኝ። ይህ ቦታ በኋላ ጠቅሞኛል።

ዌአ፣ 2 ሰዓት

ባልባላን አልፈን ከከተማ ስንወጣ መንገዱን የያዙት የኢትዮጵያ ሰሌዳ ያላቸው ተሳቢዎች ናቸው። ግራና ቀኙ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ አንድ ሰው ሙሉ አገሩን ከሰል አድርጎ የደፋው ይመስላል። ዌአ ላይ ለሻይ ቆምን። ሻይ ሃምሳ ፍራንክ፣ ላሆህ የሚሉት ስስ እንጀራ ከማር ጋር መቶ። ላሆሁ ትኩስ ስለነበር ዳዊት አራት በላ፤ ከዚያ በኋላ ጠቦኝ ነበር።

የጋሽ መኮንን የድሮ ባልደረቦች፣ የተሳቢ ሹፌሮቹ፣ እዚያው ቆመው ጎማ እየመቱ ያያሉ።

«መኮንን! ተሳቢህ የት ወደቀ? ይሄ ምንድነው፣ የልጆች መጫወቻ?»

«ተሳቢዬን ለአንተ ትቼ ነው። እኔ አሁን ምሁር ነው የምጭነው!»

«ምሁርስ ቀላል ነው፤ ሲጮህ ነው የሚከብደው!»

ዶክተር ከሁሉም በላይ ሳቁ።

ግራን ባራ፣ 3 ሰዓት ተኩል

ግራን ባራ ሜዳ አይደለም፤ ሰፌድ ነው። ተራራ የለ፣ ዛፍ የለ፣ የተሰነጣጠቀ ነጭ ጭቃ ብቻ። ከፊታችን ውሃ ይታያል፤ ስንደርስ ይሸሻል። አንዲት የሜዳ ፍየል መንገድ ዳር ቆማ በትዝብት አየችን።

«ይሄ ሐይቅ ነበር» አሉ ዶክተር።

ውሃው ከሌለ እንዴት አወቁ? ብዬ አሰብኩ። መጠየቁ ግን ከየት ይምጣ! ወደ ፊት ጎንበስ ብዬ በጋሽ መኮንን ጆሮ ሹክ አልኩ። እሳቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ዶክተር፣ እኔ አንድ ጥያቄ አለኝ። ውሃው ከሌለ ሐይቅ መሆኑን ማን ነገራችሁ?»

«ጭቃው ነዋ። ውሃ ሲያርፍ የተሸከመውን ሁሉ ያስቀምጣል። ውሃው ይሄዳል፣ ዕቃው ይቀራል። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ጋሽ መኮንን።»

ጋሽ መኮንን በመስተዋቱ በኩል ጠቀሱኝ። እስከ ቀትር ድረስ በእሳቸው አፍ አምስት ጥያቄ ጠየቅኩ። ዶክተር «እርስዎ ሹፌር የሆኑት በስህተት ነው» እስከማለት ደረሱ።

ከአሊ ሳቢህ ባሻገር፣ 5 ሰዓት

ከአስፋልት ወጥተን በደረቅ ወንዝ አሸዋ ላይ ግማሽ ሰዓት ተንገጫገጭን። ከዚያ ተራራው በሩን ከፈተልን።

በር ያልኩት እውነተኛ በር ነው። ወንዙ ተራራውን ከአናቱ እስከ እግሩ ቆርጦ አልፎበታል። በዓመት አንዴ ሁለቴ ዝናብ ሲመጣ ነው የሚፈሰው፤ ዛሬ አሸዋና የግመል ፋንድያ ብቻ ነው ያለበት። ግራና ቀኝ ግድግዳው ላይ ድንጋዩ እንደ እኛ መጋዘን ተደርድሯል። ታች ግራጫ፤ እንደ አመድ። ከእሱ በላይ ቢጫ፤ የተከካ ሽምብራ የሚመስል። በላዩ ቀይ፣ ወፍራም፣ በርበሬ የሞላ ጆንያ በጆንያ ላይ። ከሁሉም በላይ እንደ ክዳን የተደፋ ጥቁር ድንጋይ። አፌ ተከፍቶ ቀረ።

ዶክተር በብትራቸው እያሳዩ ነገሩን። ግራጫው የባሕር ወለል ነበር፤ ዛጎል አለበት። ድሬዳዋ ጀርባ ያለው ነጭ ተራራም የዚሁ ባሕር ልጅ ነው። ከዚያ ባሕሩ ሄደ፤ ወንዞች ቀዩን አሸዋ አምጥተው ደፉ። መጨረሻ ላይ መሬት ተሰንጥቆ ጥቁሩ ቀልጦ ፈሰሰ።

እኔ ግን ሌላ ነገር ነበር ያስጨነቀኝ። ወደ ጋሽ መኮንን ጆሮ ሄድኩ።

«ዶክተር» አሉ ጋሽ መኮንን፣ «ይሄ ወንዝ ምን አደከመው? ተራራው መጨረሻው ያውና ይታያል፤ ዞሮ አይሄድም ነበር?»

ዶክተር ዞር ብለው አዩዋቸው። ከዚያ ከስንቁ መሃል ዳቦና ቢላ አነሡ። ቢላውን አንድ ቦታ ላይ ያዙ፣ ዳቦውን ከታች ወደ ላይ ቀስ እያሉ አነሡት። ዳቦው ራሱ ወደ ቢላው ሄዶ ተቆረጠ።

«ወንዙ ቀድሞ ነበር። ሜዳ ላይ ነበር የሚፈሰው። ተራራው ነው በኋላ ከሥሩ የተነሣው፤ በጣም በዝግታ። ወንዙ መንገዱን አልለቀቀም። እየተነሣ ሲመጣ እየቆረጠው ኖረ።»

«እንደ ድሮ ሹፌር» አሉ ጋሽ መኮንን። «መንገዱ የኔ ነው ካለ አለ ነው።»

እዚያው፣ ከቀትር በኋላ

ሥራው እንዲህ ነው። ዳዊት ከእያንዳንዱ ንብርብር ቁራጭ ይሰብራል፣ በቅርጫት በገመድ ያወርዳል፤ ታች ያለ ሰው ከረጢት ውስጥ ከትቶ ቁጥር ይጽፋል። ታችኛው አንድ ነው፤ ወደ ላይ እየጨመረ ይሄዳል። ከቀትር በፊት ዶክተር ራሳቸው እስከ ዘጠኝ ጻፉ። ከዚያ ድንጋይ አዳለጣቸውና ጉልበታቸው ላይ ሎሚ የሚያክል እብጠት ወጣ። ጋሽ መኮንን በፋሻ ሊያሳስሩላቸው ወደ ከተማ ይዘዋቸው ሄዱ። መኪናው ሲነሣ ዶክተር በመስኮት «ሙናዬ፣ ከዘጠኝ ቀጥዪ!» አሉኝ።

ከዘጠኝ በላይ ያለው ግድግዳ ቀጥ ያለ ነው፤ ከታች አይወጣም። ዳዊት በተራራው ጀርባ ዞሮ አናቱ ላይ ወጣ፣ ገመዱን ድንጋይ ላይ አሰረና ከላይ ወደ ታች መውረድ ጀመረ። ቅርጫቱ መጣ። መጀመሪያ የመጣው ላይ አሥር ብዬ ጻፍኩ። ቀጥሎ አሥራ አንድ።

የአክስቴ መጋዘን ሕግ ነው፦ ቀድሞ የገባ ቀድሞ ቁጥር ያገኛል። የቆየው ከላይ ይቀመጣል፣ ቀድሞ እንዲሸጥ። ስለዚህ ከላይ የመጣው መቅደሙ እጄን ምንም አልመሰለውም። አሥራ ስምንት ብዬ ስጽፍ ዳዊት አጠገቤ ባለው እርከን ላይ እግሩን አሳርፎ «አልሞትኩም አይደል?» አለ። ፊቱ ዱቄት መስሏል። ከፍታ ይፈራል፤ ያንን ሁሉ የሰበረው ዐይኑን በግማሽ ጨፍኖ ነበር።

አሊ ሳቢህ፣ ማታ 12 ሰዓት ተኩል

ያረፍንበት ቤት ግቢ ውስጥ ሩዙን እየቀቀልኩ ነው። ዶክተር እግራቸውን ጀሪካን ላይ ዘርግተው ድንጋዮቹን ምንጣፍ ላይ ከአንድ እስከ አሥራ ስምንት ደረደሩ። አቧራ ስለለበሱ በፋኖስ ብርሃን ሁሉም አንድ ቀለም ናቸው። ከትንሽ ጠርሙስ አንድ አንድ ጠብታ አሲድ ይጥሉባቸዋል። የባሕር ድንጋይ ከሆነ እንደ ለስላሳ አረፋ ያወጣል። ከዘጠኝ በኋላ ያሉት ዝም አሉ። አሥራ ስምንተኛው ላይ ሲደርሱ ጠብታው ተንጨረጨረ።

ዶክተር ድንጋዩን በማጉያ መነጽር አዩ። ትንሽ ዛጎል አለበት። በታሰረ ጉልበታቸው ሊነሡ ምንም አልቀራቸውም።

«ባሕሩ ተመልሷል! ዳዊት፣ ከቀዩ በላይ ባሕር አለ! ሄዶ ተመልሷል!»

ዳዊት ማንኪያውን ይዞ አጨበጨበ። ዶክተር ነገሩን። የድሮ መምህራቸው «እዚህ አገር ባሕሩ አንዴ ሄደ፣ ቀረ» ብለው ያስተማሯቸው፣ ሲጠራጠሩም ያሾፉባቸው ሰው ናቸው። ነገ ጠዋት ስልክ ቤት ሲከፈት መጀመሪያ የሚደውሉት ለእሳቸው ነው። ወረቀት አውጥተው መጻፍ ጀመሩ፤ ፊታቸው እንደ ልጅ ሆኗል።

እኔ ሩዙን አሳረርኩ። አሥራ ስምንት ቁጥር መጨረሻ ነው የመጣችው። ከላይ አይደለችም፤ ከዘጠኝ በላይ ያለችው የመጀመሪያዋ ናት። ባሕሩን ተራራ አናት ላይ ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ጋሽ መኮንን ውጭ መስተዋት እየወለወሉ ነበር። በጆሯቸው ሁሉንም ነገርኳቸውና «ይንገሩልኝ» አልኩ። ጨርቃቸውን አጠፉ።

«የኔ ልጅ፣ ጥያቄ እዋሳለሁ፤ ጥፋት ግን አልዋስም። ስልክ ቤቱ ሁለት ሰዓት ይከፈታል።»

ረቡዕ፣ 1 ሰዓት ተኩል

ዶክተር ፀጉራቸውን አበጥረዋል፤ ለስልክ! ዳቦና ሻይ አቀረብኩ። ስኳር አቀረብኩ። ስኳሩን እንደገና አቀረብኩ።

«ሙናዬ፣ ስኳር ገዛሽልኝ እንዴ?»

«ዶክተር፣ አሥራ ስምንት ቁጥር አሥር ናት።»

የራሴ ድምፅ ይህን ያህል ወፍራም መሆኑን አላውቅም ነበር። ቀጠልኩ፤ ካቆምኩ እንደማልመለስ ስለማውቅ። ስለ ገመዱ፣ ስለ ቅርጫቱ፣ ስለ አክስቴ መጋዘን ሕግ ነገርኳቸው። ዳዊት መብላቱን አቆመ፤ ከዚያ በፊት እንዲህ ሲያደርግ አላየሁትም።

«አንተስ?» አሉት ዶክተር።

«እኔ... ዐይኔን ከፍቼ አላየሁም፣ ዶክተር። ከላይ ወደ ታች መውረዴ ግን እውነት ነው።»

ዶክተር ሻያቸውን አስቀመጡ። ሌሊቱን የጻፉትን ወረቀት ከቦርሳቸው አወጡ፣ ዘረጉት፣ ረጅም ጊዜ አዩት።

«እና ባሕሩ አልተመለሰም?»

«አልተመለሰም፣ ዶክተር። እኔ ነኝ የመለስኩት።»

ወረቀቱን አጥፈው ከሻዩ ሥር አደረጉት። የሚቆጡ መስሎኝ ነበር። ግን ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሳቁ፣ ጉልበታቸው እስኪያማቸው ሳቁ። ዐይናቸው ላይ ትንሽ ነገር ነበር፤ ከሳቁ ይሁን ከሌላ አልጠየቅኩም።

«ደውዬ ቢሆን ኖሮ» አሉ ቀስ ብለው፣ «እስክሞት ያሾፉብኝ ነበር።»

ተነሥተን ወደ ተራራው በር ተመለስን። ዶክተር አሸዋው ላይ ተቀምጠው እስክሪብቶ ሰጡኝ። ዳዊት ዐይኑን ከፍቶ ግድግዳውን ወረደ፤ እኔ ከታች እየጮህኩ «እሱ አሥራ ሰባት ነው! የሽምብራው አይደለም፣ በርበሬው!» እያልኩ የጻፍኩትን ሁሉ ሰርዤ እንደገና ጻፍኩ። ድምፄ ከግድግዳው ተመልሶ መጣብኝ፤ ሁለት ሙና የሆንን መሰለኝ። ዶክተር እኔ ለንብርብሮቹ ያወጣሁትን ስም፣ ሽምብራና በርበሬ ብለው፣ ደብተራቸው ላይ ጻፉት።

ረቡዕ፣ 10 ሰዓት፤ የጅቡቲ መግቢያ ኬላ

ከተማው በአቧራ ውስጥ መታየት ጀምሯል። ዶክተር አንገታቸውን ጥለው ተኝተዋል፤ ዳዊትም። ኬላው ላይ አንድ ወጣት ፖሊስ ከረጢቶቹን በጣቱ ነካ ነካ አደረገ።

«ምንድነው የጫናችሁት?» አለ በሶማልኛ።

ጋሽ መኮንን በመስተዋቱ ወደ እኔ አዩ። ጆሯቸውን ግን አላቀረቡም።

«ድንጋይ ነው» አልኩ።

«ድንጋይ? ድንጋይ ወደ ጅቡቲ ታስገባላችሁ?» ሳቀ። «ጎደለን?»

መስኮቱን እስከ ታች ከፈትኩ። «ድንጋይ ብቻ አይደለም። በተራ ነው። አንድ ቁጥር የባሕር ወለል ነበር፤ ክፈተው፣ ዛጎሉን ታያለህ።»

ከፈተ። አየ። «ይሄ ባሕር? አሊ ሳቢህ ላይ?»

«አሊ ሳቢህ ላይ። ሁለትም ሦስትም ባሕር ናቸው። እስከ አሥር ድረስ ባሕር ነው፤ ከአሥር በኋላ ግን ይሄዳል። አይመለስም! ሰው ይመለሳል ካለህ እንዳታምን። ከዚያ ቀዩ ይመጣል፣ እሱን ወንዝ ነው ያመጣው...»

ፖሊሱ ጠመንጃውን ወደ ጀርባው አዙሮ ሌላ ከረጢት ፈታ። ከኋላችን አንድ ተሳቢ ጥሩምባ ነፋ። ሁለተኛው ነፋ። ከዚያ ሰልፉ ሁሉ።

«ሙና» አሉ ጋሽ መኮንን፣ «ጅቡቲ ወደብን ዘጋሽው።»

ፖሊሱ እየሳቀ ከረጢቱን አሰረና በእጁ «ሂዱ፣ ሂዱ!» አለ። መኪናው ተንቀሳቀሰ። እኔ አንገቴን በመስኮት አውጥቼ ነበር።

«ቆይ!» አልኩት። «የላይኛውን፣ ጥቁሩን ገና አልነገርኩህም!»