የተሰማ ልጅ ድንጋይ ተሸክሞ የመጣ ዕለት

ጎረቤቴ ተሰማ ድንበር ገፍቶ አርሶብኝ ሦስት ዓመት ሙሉ ሰላምታ እንኳ አልነበረንም። እኔ ብዙ አልናገርም፤ እሱም ግትር ነው።

አንድ ማለዳ፣ ደብረ ታቦር ከተማ የሚማረው ልጁ ትልቅ ድንጋይ ትከሻው ላይ ተሸክሞ፣ እያለከለከ መጥቶ ደጄ ላይ ቆመ። በእኛ አገር የበደለ ሰው ይቅርታ ሲጠይቅ ድንጋይ ተሸክሞ ነው የሚመጣ። አባቱ የላከው መስሎኝ ሆዴ ባባ።

«ይቅር ብያለሁ ልጄ፣ አውርደው» ብዬ ድንጋዩን ተቀበልኩት። ወገቤን ሊቆርጠው ምንም አልቀረው። አገላብጬ ሳምኩት። ልጁ ዓይኑን አፍጥጦ ቀረ። ባለቤቴም ትኩስ ዳቦ አቀረበች፤ አብረው ካልበሉ እርቅ አይባልም።

«ዳቦ አልበላም፣ አያ ሞላ» አለኝ።

«ይቅር ብዬህ ሳበቃ ዳቦዬን ትንቃለህ?»

«ኧረ በማርያም! ፕሮግራም ላይ ሆኜ ነው» ብሎ ከኪሱ ወረቀት አወጣ። ፊደል ስለማልቆጥር አነበበልኝ። ጠዋት አራት የተቀቀለ እንቁላል፤ ዳቦ የለም፣ ቅቤ የለም፤ ከዚያ ድንጋይ ተሸክሞ ዳገት መውጣት።

«ጡንቻ ለማውጣት ነው፣ አያ። እዚህ የቆምኩት ደክሞኝ ነው።»

አፈርኩ። «በል ተሸከምና ሂድ። ለአባትህ እንዳትነግር» አልኩት።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ውሻው ጮኸና ወጣሁ። ተሰማ ራሱ ልጁ ከተሸከመው የሚበልጥ ድንጋይ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ ደጄ ላይ ቆሟል።

«እኔ እንኳ ስፖርት አልሠራም» አለኝ።