የሚያጓጓ ጭስ

ያገለገለች የስፖርት መኪና ከገዛሁ ወዲህ፣ ለሞተሯ አየር የሚገፋላት ቱርቦ መቼ ይበላሽ ይሆን እያልኩ መስጋት ሥራዬ ሆኗል። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ሞተሯ ከኋላ የሆነ ቀይ ጉድ ናት። በቀደም ታዲያ አታት ያለችውን አክስቴን ጠይቄ ወደ ቡታጅራ ስመለስ የፈራሁት ደረሰ። ዳገቱ ላይ ጉልበት አጣች፣ ማፏጨት ጀመረች፣ ከኋላዋም ጭስ ተነሳ።

እንደምንም ቡታጅራ ገባሁና በቀጥታ ወደ ጋራዥ። መካኒኩ ከድር ነዳጅ አስረግጦኝ አዳመጠና፣ «አላህ ያጽናህ፣ ቱርቦው ነው» አለኝ።

ግራ የገባኝ ሽታው ነው። ጭሱ የተቃጠለ ዘይት አይሸትም፤ እንዲያውም ምራቅ ያስውጣል። ከድርም ጎንበስ ብሎ አሸተተ፤ ቀና ብሎ ደግሞ አየኝ።

«ወንድሜ፣ ምን ዓይነት ዘይት ነው የምትጠቀመው?»

«ምነው?»

«ኮሰረት ኮሰረት ይላል እኮ!»

አጠገቡ ያሉት ባለሱቆች ሳይቀሩ እያሸተቱ መጡ። የኋላውን ኮፈን ከፈትነው። የእንሰት ቅጠል አየር ማስገቢያው ላይ ተለጥፎ አፍኖታል፤ ተጠቅልሎበት የነበረው በኮሰረት የተነጠረ ቅቤ ደግሞ የጋለው ጭስ ማውጫ ላይ እየተንጠባጠበ ይጨሳል። ቱርቦው ደህና ነው።

አክስቴ ጋ ደወልኩ።

«ቅቤውን አገኘኸው የኔ ልጅ? እምቢ እንዳትለኝ ቁልፍህን አንስቼ ከኋላ ዕቃ መጫኛዋ ውስጥ ከተትኩልህ» አለችኝ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ግን ያን ሁሉ ብረት ጭነህ የት ልትወስደው ነው? ለቅቤው እንኳ ቦታ ያገኘሁት በመከራ ነው!»